ውሻ ሰውን አመነ የሚባለው መቼ ነው?

ውሻ ከእጃችሁ ስለበላ አመናችሁ ማለት አይደለም። የራበው ውሻ ከሚፈራው ሰው እጅም ይበላል፤ አንገቱን አስግጎ፣ የኋላ እግሮቹን ለሽሽት አዘጋጅቶ፣ ቁራሿን መንጭቆ ይሄዳል። አመኔታ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው፦ እናንተ በተቀመጣችሁበት ክፍል ጀርባውን ሰጥቶ ሲተኛ፣ ከወንበር ስትነሱ በርግጎ ሳይነሳ ሲቀር፣ የሆነ ነገር ሲያስደነግጠው ከእናንተ መሸሹን ትቶ ወደ እናንተ ሮጦ ሲመጣ።

እዚህ ለመድረስ ውሻው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛው ቀጥሎ ምን እንደምታደርጉ ነው፤ ሁኔታው የሚገመት ሰው አያስፈራም። ሁለተኛውና ብዙዎቻችን የምንዘነጋው፣ «አልፈልግም» ሲል የሚሰማው ሰው መኖሩን ነው። እምቢታውን የሚነግረን በአካሉ ነው፤ ያንን አይተን እጃችንን በሰበሰብን ቁጥር አመኔታው ይጨምራል፣ ሳናይ ባለፍን ቁጥር ይቀንሳል። ከዚህ በታች ያለው ለማንኛውም ውሻ ይሠራል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ዐዋቂ ውሻ ከመጠለያ ወይም ከሌላ ሰው ቤት ለወሰደና ቡችላው ድንጉጥ ለሆነበት ሰው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

አዲስ ውሻ ቤት ሲገባ ሁሉም ሰው ከብቦ ሊደባብሰው ይፈልጋል። ከደግነት ነው፤ ለውሻው ግን በማያውቀው ቤት፣ በማያውቀው ሽታና ድምፅ ላይ የማያውቃቸው እጆች ተጨመሩበት ማለት ነው። በውሻ አሳዳጊዎች ዘንድ የተለመደ ግምት አለ፦ 3 ቀን ድንጋጤው እስኪበርድ፣ 3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት እስኪለምድ፣ 3 ወር «ቤቴ ነው» እስኪል። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ ዱላ የቀመሰ ውሻ ከዓመት በላይም ሊወስድበት ይችላል። የግምቱ ጥቅም በሁለተኛው ቀን «ይሄ ውሻ አልወደደኝም» ብላችሁ እንዳትፈርዱበት ነው። ጥግ ይዞ ዝም ያለውን አዲስ ውሻም «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ለማለት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ፍርሃት አደንዝዞት ነው፤ እውነተኛ ጠባዩ የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚያርፍበት ቦታ አዘጋጁለት። ሰው የማይተላለፍበት፣ ጀርባው በግድግዳ የተከለለ ጥግ ይሁን። ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉለት፣ ውሃውን በቅርብ አኑሩለት። እዚያ ሲገባ ማንም አይንካው፣ አይጥራው፣ ጎትቶ አያውጣው፤ ይህ ደንብ ሕፃናትንም እንግዶችንም ይመለከታል። ከመሸሸጊያው ተጎትቶ የወጣ ውሻ ሌላ መሸሸጊያ ይፈልጋል፦ ከአልጋ ሥር፣ ከሶፋ ጀርባ። እዚያ ስትደርሱበት መውጫ ስለሌለው ይነክሳል። የራሱ ጥግ የተከበረለት ግን ሰው ሳይጠራው ብቅ ማለት ይጀምራል።

በመጀመሪያው ሳምንት እንግዳ አታብዙ፤ በጣም ካልቆሸሸ በቀር ገላውንም አትጠቡት። ምግቡ ሰዓቱን ይጠብቅ፦ ለዐዋቂ ውሻ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ወር ላለ ቡችላ 3 ወይም 4 ጊዜ። እንቅልፉን አትቀሙት፤ ዐዋቂ ውሻ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት፣ ቡችላ ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። «ቁጡ ነው» ከሚባሉት ቡችሎች ብዙዎቹ በሚገባ ያልተኙ ናቸው።

አዲስ ውሻ ደንግጦ የሚጠፋውም በእነዚህ ቀናት ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሲያገኘው ወይም የአንገት ማሰሪያው በጭንቅላቱ ሾልኮ ሲወጣ ይሮጣል፤ ስሙንም ገና ስላልለመደ ብትጠሩት አይመለስም። ስለዚህ ለመውጣት በደረትና በትከሻ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ተጠቀሙ። በማሰሪያውና በቆዳው መካከል 2 ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን፤ ከዚያ ከሰፋ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ያመልጣል። ገመዱ 2 ወይም 3 ሜትር ቢሆን በቂ ነው። እየተተረተረ የሚረዝመውን ባለ መያዣ ገመድ ለሚፈራ ውሻ አልመክርም። ከእጅ ሲወድቅ መያዣው እየተንኳኳ ይከተለዋል፣ እሱም ከዚያ ድምፅ ለማምለጥ ይበልጥ ይሮጣል።

አካሉ የሚለውን ማንበብ

«ድንገት ነከሰኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ድንገት አይደለም። ውሻው ከመንከሱ በፊት ብዙ ተናግሯል። ቅደም ተከተሉ በግምት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፤ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩንና አፍንጫውን ይልሳል፤ ድንገት መሬት ማሽተት ይጀምራል፤ ወይም አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ ይቆማል። ካልሰማነው ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ጭራውን ይሸጉጣል፣ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ይመልሳል፣ ጭንቅላቱን ሳያዞር በጎን ሲያይ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ከዚያ ይገተራል፦ ክፍት የነበረው አፉ ይዘጋል፣ ትንፋሹ ይያዛል፣ አካሉ ድርቅ ይላል። ከአንድ ከሁለት ሰከንድ ባትበልጥም፣ ልታውቋት የሚገባችሁ ከሁሉ በላይ ይህችን ቅጽበት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ማጉረምረም፣ ጥርስ ማግጠጥ፣ አየር መንከስ፣ በመጨረሻም ንክሻ ነው።

አንዱን ምልክት ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። ውሻ ሲደክመውም ያዛጋል፣ ከበላ በኋላም ከንፈሩን ይልሳል። ሁለት ሦስቱ ተከታትለው ከመጡና እናንተ የሆነ ነገር እያደረጋችሁ ሳለ ከመጡ ግን ለእናንተ የተነገሩ ናቸው።

ጭራ መቁላትም ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። ወገቡ አብሮ እየተወዛወዘ፣ ጭራው ዘና ብሎ ሰፋ አድርጎ ሲቆላ ደስ ብሎታል። ጭራው ወደ ላይ ተገትሮ በአጭሩ ቶሎ ቶሎ ሲርገበገብ፣ የተቀረው አካሉ ደግሞ ደርቆ ሲታይ፣ ባላችሁበት ቁሙ። በጀርባ መተኛትም እንዲሁ ሁለት ትርጉም አለው። አፉ ገርበብ ብሎ እግሮቹ ወዲያና ወዲህ ከተዘረጉ ሆዱን እንድታኩለት ይፈልጋል። ጭራውን በሆዱ ላይ አጥፎ፣ አፉን ገጥሞ ከደረቀ ግን «እባካችሁ ተዉኝ» እያለ ነውና እጃችሁን ሰብስቡ።

እጅ ሲዘረጋለት ምን እንደሚሆን በቅርብ እንይ። ሰውየው ከውሻው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ከወገቡ ጎንበስ ይላል፣ መዳፉን በጭንቅላቱ ላይ ያወርዳል። ውሻው ከበላዩ ያጎነበሰ ግዙፍ አካልና ከዓይኑ በላይ የተሰወረ እጅ ነው የሚያየው። ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኖቹን ጨፈን ያደርጋል፣ ጆሮዎቹ ይለጠፋሉ፤ ሰውየው «አያችሁ፣ ደስ አለው» ይላል። እጁ ሲነሣ ውሻው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ አፍንጫውን ይልሳል፣ ውሃ እንደነካው ሁሉ ራሱን ያራግፋል። ሰውየው ሳያየው የቀረው መልስ ያ ግማሽ እርምጃ ነው።

ስለ ማጉረምረም አጥብቄ የምለው አለ። ያጉረመረመን ውሻ አትቅጡ፣ አትቆጡ። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በቁጣ ብታስቆሙት ፍርሃቱ እዚያው ይቀራል፣ የምታጡት ማስጠንቀቂያውን ነው። ሳያጉረመርም የሚነክስ ውሻ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ሲያጉረመርም ታደርጉት የነበረውን አቁሙ፣ በቀስታ ዞር በሉ፣ ኋላ ላይ ምን እንዳስጨነቀው አስቡና ያንን ነገር በትንሽ በትንሹ አለማምዱት። «ታዲያ አጉረምርሞ ያሸንፈኝ?» የሚል ሰው አለ። ተሰምቶ የሚያውቅ ውሻ ጮክ ብሎ መናገር ስለማያስፈልገው ማጉረምረሙ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

ርቀቱን የሚወስነው እሱ ነው

የሚፈራን ውሻ በምግብ ወደ እጅ መሳብ የተለመደ ነው፤ አደጋም አለው። ምግቡ ድፍረቱ ከሚፈቅድለት በላይ ያስጠጋዋል፤ ቁራሿ ስታልቅ ራሱን ከሚፈራው ሰው ጉልበት ሥር ያገኘዋል፤ ይበረግጋል፣ ወይም ይነክሳል። የሚሻለው ምግቡን ከኋላው መወርወር ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ፣ የአተር ፍሬ የሚያካክሉ ለስላሳና ሽታ ያላቸው ቁራሾች ያዙ፤ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋ ጥሩ ነው። 3 ሜትር ያህል ርቃችሁ መሬት ላይ በጎን ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት አትዩት፣ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉ። አንዷን ቁራሽ ከክንድ በታች ቀስ አድርጋችሁ ከእሱ አልፋ ከኋላው እንድታርፍ ወርውሩ። ዞሮ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ከዚያ ይመለከታችኋል። ሁለተኛዋን በእሱና በእናንተ መካከል፣ ወደ እሱ ቀረብ አድርጋችሁ ጣሉ። መጥቶ ሲበላ ሦስተኛዋን እንደገና ከኋላው። እንዲህ እያፈራረቃችሁ ሂዱ። ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት፣ በመጣ ቁጥር ቀጥሎ የሚያገኘው መራቅ ስለሆነ ነው። መቅረብ ወጥመድ እንዳልሆነ ያያል፤ እያንዳንዱ መመለሻም የራሱ ውሳኔ ይሆናል። የመካከለኛዋን ቁራሽ ወደ እናንተ ግማሽ ሜትር የምታስጠጉት አካሉ ልል ሆኖ፣ አንገቱን ሳያስግግ ሲመጣ ብቻ ነው። አንገቱን ካሰገገና የኋላ እግሮቹ ወደ ኋላ ከቀሩ ቸኩላችኋልና መልሱት።

ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ገና ሲፈልግ አቁሙ። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፦ «ዛሬ ቀረበልኝ» ብሎ እጁን ይዘረጋና የሳምንቱን ድካም ያፈርሰዋል። ጨርሶ የማይበላ ከሆነ ደግሞ ወይ ጠግቧል፣ ወይ ርቀቱ አንሶበታል፤ የተጨነቀ ውሻ የሚወደውንም አይበላም። ያኔ ምግቡን ከመቀየር በፊት ርቃችሁ ተቀመጡ።

ማባበያው ከዕለት ምግቡ 10 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ያንኑ ያህል ከዋናው ምግብ ቀንሱ። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ስኳር አልባ በሆኑ ማስቲካዎች ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ደግሞ ሲሰበር ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

መነካትን የሚወደው ሲጠይቅ ነው

በራሱ ፈቃድ መጥቶ አጠገባችሁ መቆም ሲጀምር፣ በእጅ የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። እጃችሁን ከደረቱ ወይም ከትከሻው ጎን አድርጉና ለ3 ሰከንድ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ከዚያ እጃችሁን አንሡና ጠብቁ። ከተጠጋ፣ ከተደገፋችሁ፣ በአፍንጫው እጃችሁን ከገፋ ቀጥሉ። ባለበት ከቆመ፣ ፊቱን ካዞረ ወይም ከንፈሩን ከላሰ በቃው። አለመሸሹ ፈቃድ አይደለም። በየ3 ሰከንዱ መጠየቅ መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ይመስላል፤ ከጊዜ በኋላ እጃችሁ ራሱ ይለምደዋል። መጀመሪያ የሚፈቀዱት ቦታዎች ደረት፣ ትከሻና ከአገጭ ሥር ናቸው። ጭንቅላት፣ መዳፍ፣ ጭራና የኋላ እግሮች ለኋላ ይቆዩ። ማቀፍን ብዙ ውሾች የሚታገሡት ማምለጥ ስለማይችሉ ነው እንጂ ወደውት አይደለም፤ ሕፃናት ውሻ እንዳያቅፉ፣ ሲበላና ሲተኛም እንዳይነኩት አስተምሯቸው፤ ትልቅ ሰው ሳይኖርም ብቻቸውን አትተዉአቸው።

የግድ መደረግ ያለበት መነካት ግን አለ፦ ጆሮ ማየት፣ ጥፍር መቁረጥ፣ መዥገር መንቀል። እዚህ ላይ የሚረዳው ማስታወቅ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ይኑራችሁ። «ጆሮ» በሉ፣ ለ1 ሰከንድ ጆሮውን ንኩ፣ ቁራሽ ስጡ። ቃሉ ሁልጊዜ ከመነካቱ በፊት፣ ምግቡም ሁልጊዜ ከመነካቱ በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠና ምግብ እያሳያችሁ ከነካችሁት፣ ምግቡ ራሱ የመጥፎ ነገር ምልክት ይሆንበታል፤ ሥጋ ስታወጡ የሚሸሽ ውሻ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ውሾች ደወል ሲሰሙ ምግብ እንዲጠብቁና ምራቃቸው እንዲመጣ ያለማመደው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭም ደወሉን ከምግቡ ያስቀደመው በምክንያት ነው።

ጥፍርን እንውሰድ። በመጀመሪያው ቀን መቁረጫውን አሳዩት፣ ቁራሽ ስጡት፣ መቁረጫውን ደብቁት፤ 10 ጊዜ ደጋግሙና ተዉት። መቁረጫውን ሲያይ ዓይኑ ወደ እጃችሁ ምግብ ፍለጋ ሲዞር ወደሚቀጥለው እለፉ፦ መዳፉን መንካት፤ ከዚያ መዳፉን ለ2 ሰከንድ መያዝ፤ ከዚያ መቁረጫውን ጥፍሩ ላይ ማሳረፍ ብቻ፤ ከዚያ ጫፏን ብቻ መቁረጥ። ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጥፍር። ብዙ ውሾች 18 ጥፍር ስላላቸው ዙሩ በ3 ሳምንት ውስጥ ይጠናቀቃል፤ አንድም ቀን ግብግብ አይኖርም። ደም ሥር ያለበትን የውስጡን ክፍል ከቆረጣችሁት ግን ያማል፣ ይደማልም፤ ጥቁር ጥፍር ላይ ስለማይታይ ከጫፉ በስሱ በስሱ ውሰዱ።

ከዚህ በላይ የምወደው ዘዴ አገጭ ማሳረፍ ነው። ትንሽ ትራስ ጭናችሁ ላይ ወይም ወንበር ላይ አድርጉና ውሻው አገጩን ሲያሳርፍበት ሸልሙት፤ ቆይታውን ከ1 ሰከንድ ወደ 10 ሰከንድ አሳድጉ። ከዚያ ሥራው የሚሠራው አገጩ ትራሱ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። አገጩን ካነሣ እናንተም እጃችሁን ወዲያው ታነሣላችሁ፤ ሲመልሰው ትቀጥላላችሁ። «በቃ» የሚልበት ቃል ሰጣችሁት ማለት ነው። ማቆም እንደሚችል የገባው ውሻ ዓይን ጠብታና ቁስል ማጽዳትን ሳይቀር በትዕግሥት ያሳልፋል።

ስሙንና ጥሪውን አታበላሹ

ውሻን ጠርታችሁ የሚጠላውን ነገር አታድርጉበት። ጠርቶ ማጠብ፣ ጠርቶ መቆለፍ፣ ጠርቶ መቆጣት ስሙን መራራ ያደርገዋል። የማይወደውን ነገር ልታደርጉ ከሆነ ሳትጠሩት ባለበት ሂዱና በቀስታ ውሰዱት። ከ10 ጥሪ 9ኙ ቁራሽ ወይም ጨዋታ ይዘው ይምጡ፤ ከዚያም «ሂድ» ብላችሁ ወደነበረበት ልቀቁት፤ መጥራት የነፃነት መጨረሻ አይምሰለው። ሽልማቱ በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልደረሰ ውሻው ከሌላ ነገር ጋር ያያይዘዋል፤ ስለዚህ ቁራሹ አስቀድሞ ኪሳችሁ ውስጥ ይገኝ።

ቅጣት ምን ያበላሻል

ቤት ስትገቡ ጫማ ተበልቷል፣ ውሻው ጆሮውን ጥሎ አንገቱን ደፍቷል። «ጥፋቱን ያውቃል» ትላላችሁ። የውሻ አእምሮ ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህንኑ ፈትሻለች፤ ያ «የጥፋተኛ ፊት» የሚታየው ውሻው በማጥፋቱ ሳይሆን ባለቤቱ በመቆጣቱ ሆኖ አገኘችው፤ ምንም ያላጠፉትም ሲቆጧቸው ያንኑ ፊት አሳይተዋል። ስለዚህ ከሰዓታት በፊት ለተበላ ጫማ የሚቀጣ ውሻ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ እናንተ በር ስትከፍቱ አንዳንዴ መጥፎ ነገር ይመጣል። ጫማውን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ፣ የሚያኝከው ነገር ስጡት፤ መድኃኒቱ ያ ነው።

«አለቃ መሆንህን አሳየው፣ ጀርባው ላይ አስተኛው» የሚለው ምክርም አሁን ድረስ ይነገራል። መነሻው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪው ሩዶልፍ ሼንክል እ.ኤ.አ. በ1947 በምርኮ ስለተያዙ ተኩላዎች የጻፈው ነው፤ እነዚያ ተኩላዎች በአጥር ውስጥ አብረው እንዲኖሩ የተደረጉ ነበሩ። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜክ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዳው የዱር ተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው፤ አለቅነት በጠብ የሚያዝበት ጭፍራ አይደለም። ጀርባው ላይ በግድ የተያዘ ውሻ ፀጥ ይላል፤ ፀጥታው ግን የመገተር ፀጥታ ነው፣ የሚቀጥለውም ከላይ የዘረዘርኩት ነው።

ይህ ማለት ሥርዓት አይኑረው ማለት አይደለም። ሰው ላይ ሲዘል ጀርባ ስጡት፣ አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ ሰላም በሉት። መግባት የማይፈቀድበት ክፍል ካለ በሩን ዝጉ። ደንቡ በቤቱ ሰው ሁሉ ዘንድ አንድ ይሁን፤ አንዱ ሶፋ ላይ እያስተኛ ሌላው እየገፈተረ ከሆነ ውሻው የሚያምነው ሰው ያጣል።

ሳህኑን ሲጠብቅ

ሲበላ ስትጠጉት የሚደርቅ ወይም የሚያጉረመርም ውሻ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ነው። ሳህኑን እየነጠቁ «ማለማመድ» ስጋቱ ትክክል መሆኑን ያረጋግጥለታል። በተቃራኒው፣ ከሚደርቅበት ርቀት ውጭ፣ ምናልባት 2 ሜትር ላይ እለፉና ሳትቆሙ ከሳህኑ ካለው የተሻለ ቁራሽ ወርውሩለት፤ እልፍ በሉ። በአንድ ምግብ ከ3 ወይም ከ4 ጊዜ በላይ አታድርጉት። ሲያያችሁ ጭንቅላቱን ከሳህኑ አንሥቶ መጠበቅ ከጀመረ ርቀቱን በአንድ እርምጃ ቀንሱ። አፉ ውስጥ የያዘውን ነገርም በትግል አትቀሙት፤ ሁልጊዜ በተሻለ ነገር ለውጡት፣ ሲቻል ደግሞ የያዘውን መልሱለት። ነክሶ የሚያውቅ ከሆነ ይህን በራሳችሁ አትጀምሩት፤ ያለ ቅጣት የሚሠራ አሰልጣኝ ፈልጉ።

ቡችላ ከሆነ

ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን «ይህ ደህና ነው» ብሎ የሚመዘግብበት ነው፤ ኋላ ላይ ያንኑ ማስተማር ብዙ ወር ይፈጃል። ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ አትለዩት። ክትባቱ ሳያልቅ ሌሎች ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ ታቅፎ መንገድ ማየት፣ ባለ ባርኔጣ ሰው፣ ብስክሌት፣ ጃንጥላ፣ ሕፃን ከሩቅ ማየት ግን ይችላል። የሚፈለገው ብዛቱ አይደለም። አንድ ጊዜ በርግጎ ከሚያያቸው 10 ሰዎች ዘና ብሎ ቁራሽ እየበላ የሚያያቸው 2 ሰዎች ይሻላሉ።

ወደ ኋላ ሲመለስ

ደህና ሲሄድ የነበረ ውሻ ድንገት እንደ መጀመሪያው ቀን ይሸሻል። የተለመደው ምክንያት መደራረብ ነው፦ ጠዋት ነጎድጓድ፣ ቀን እንግዳ፣ ማታ የወደቀ ድስት። እያንዳንዱን ለብቻው ይችለው ነበር፤ ጭንቀቱ ሳይበርድ ሌላ ስለተጨመረ ሞልቶ ፈሰሰ። መድኃኒቱ ተጨማሪ ልምምድ ሳይሆን ዕረፍት ነው። ለ2 ወይም ለ3 ቀን አዲስ ነገር አታሳዩት፣ የሚያኝከውና የሚያሸተው ነገር ስጡት፣ ከዚያ ከነበራችሁበት ደረጃ ሁለት ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ። ከ6 ወር እስከ ዓመት ከምናምን ባለው የጉርምስና ጊዜም የሚያውቀውን ነገር መልሶ ሊፈራ ይችላል፤ ያልፋል፣ በዚያ ጊዜ ግን አታስገድዱት።

«ሲፈራ ካባበላችሁት ፍርሃቱን ታጠናክሩታላችሁ» የሚባለው እውነት አይደለም። ፍርሃት ስሜት ነው፣ ለሽልማት ብሎ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ነጎድጓድ ሲሆን አጠገባችሁ ከመጣ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ከፈለገ ተደግፎ ይተኛ። መደበቅ ከመረጠ ደግሞ ተዉት፤ በቀስታ ማውራት ይበቃል።

ብቻውን መቆየትንም በዚሁ ሚዛን አስተምሩት። ከበሩ ውጭ 5 ሰከንድ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 30፤ ሳያለቅስ ከቆየ አርዝሙ፣ ካለቀሰ አሳጥሩ።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

እስከ ትናንት ሲነካ የማይጠላ ውሻ ዛሬ ካጉረመረመ በመጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሕመምን ይሁን። የጆሮ ቁስለት፣ የተሰበረ ጥርስ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ጠባይን በአንድ ሌሊት ይለውጣሉ፤ በተለይ የምትነኩበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ። ለሚያመው ውሻ ልምምድ አይሠራም፤ መጀመሪያ ይታከም።

ለምርመራ ቀን እንዲሆን፣ እንደ ቅርጫት የተሠራ፣ ውሻው አፉን ከፍቶ ሊያለከልክና ውሃ ሊጠጣ የሚችልበት የአፍ መከለያ ቤት ውስጥ አስቀድማችሁ አለማምዱት። ቁራሹን ከመከለያው ውስጥ ስጡት፣ ራሱ አፉን ያስገባ፣ ያውጣ፤ ሳይታሰር ለ10 ሰከንድ ዘና ብሎ እስኪቆይ ማሰሪያውን አትቆልፉት። ብዙ ሳምንት ቢፈጅም ችኮላ የለበትም።

ከነከሳችሁ፣ ውሻው የቤታችሁም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። የውሻውን የክትባት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ውሻውን ወደ እንስሳት ሐኪም ስትወስዱ ደግሞ የሚያስቸግረውን ነገር ከሩቅ፣ እሱን ሳታስቆጡ፣ ቤት ውስጥ በስልክ ቀርጻችሁ ያዙ። በሐኪም ክፍል ውስጥ በፍርሃት ደርቆ የሚቆም ውሻ ቤት የሚያሳየውን አያሳይም፤ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ፣ ከስንት ቀን ወዲህ እንደጀመረው፣ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደነበረና የት ሲነካ እንደሚብስ ከጻፋችሁበት ወረቀት ጋር ሐኪሙ ሊያገኘው ከሚችለው ሁሉ ይበልጥ ይረዳዋል።